ድልድዩ ተዘግቷል፣ እህቴ ደግሞ ቀኗ ደርሷል

የሞጣ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰቦቼ ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ወደ ጤና ጣቢያው የሚያሻግረው ድልድይ ለጥገና ተዘግቷል። ሁለት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር፤ ሦስተኛውን ይዟል። እናቴ እንደምትለው ሠራተኛም አይታይም፤ ኮንክሪቱ ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሰውት ሄደዋል። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ባጃጅ ማዶ ይቆማል፤ ሰው ድንጋይ እየረገጠ ወንዙን ይሻገራል። ሌሊት ምጥ ቢይዛትስ? ዙሪያውን በአይሱዙ ሦስት ሰዓት ነው። ጥገናውን አልጠላሁም። ዓባይ ላይ ያለውን «ሰባራ ድልድይ» የምናውቅ ሰዎች ነን፤ አያቴ ዓባይን በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለባጃጅ ብቻ እንኳ ቢከፍቱት ምን አለበት?

ግንበኛው፦ አይዞሽ እህቴ። ድልድይ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጆንያው ራሱ ሥራ ነው። ኮንክሪት ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ በዚህ በጥር ፀሐይ ጠዋት ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። በ7 ቀን ከግማሽ በላይ ይይዛል፣ በእጅ ስትነኪው ድንጋይ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባጃጅ ካለፈ ደግሞ አይሱዙውን ማን ያቆመዋል? ክረምት ሳይገባ መጨረስም አለባቸው። ይልቅ ፎርማኑን ጊዜያዊ መሻገሪያ ጠይቁት። አሁን ወንዙ ቀንሷል፤ ቱቦ ቀብሮ ድንጋይና ገረጋንቲ መሙላት ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ መሻገሪያውን አትጠብቁ! በእግሯ መሻገር ስትችል፣ በቀን፣ አሁኑኑ ትሂድ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው። ቤታቸው የራቀ እናቶች ቀናቸው ከመድረሱ በፊት ገብተው እዚያው ይጠብቃሉ። እኔ በሠራሁበት ገንፎ የሚያገነፉበት ማድቤትም ነበረው፤ እናትሽ አብረዋት ይሁኑ። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሯት፣ ቦታ ታጣራላችኋለች። እስከዚያ ቃሬዛ ይዘጋጅ። ደም ካየች፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከያዛት ሌሊትም ቢሆን አሻግሯት፤ አምቡላንሱ ማዶ መጥቶ ይጠብቅ።

የሞጣ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። አሁን እናቴ ጋ ደወልኩ። ማቆያው ቦታ አለው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል አጎቴና ሁለት ጎረቤቶች ግራ ቀኝ ይዘው ያሻግሯታል። እናቴ የገንፎ ዱቄቱንና ጋቢውን ቋጥራለች። ፎርማኑንም የቀበሌው ሊቀመንበር ያናግረዋል፤ ከእህቴ ሌላ ሁለት እርጉዞች አሉ አሉኝ።