የዲኤንኤ ውጤቴ ያላወቅኋትን እህት እያሳየኝ ይሆን?

በዲኤንኤ ምርመራ ከአንዲት ፈጽሞ ከማላውቃት ሴት ጋር 1,780 ሴንቲሞርጋን (የጋራ ዲኤንኤ መለኪያ) እንደምንጋራ ታየ። ይህ ከዲኤንኤያችን ሩብ ያህል ስለሆነ አክስት፣ የወንድም ልጅ ወይም በአንድ ወላጅ የምንገናኝ እህት ልትሆን ትችላለች። እኩያዬ ናት፤ ፎቶግራፏን ሳይ ደግሞ ግንባሯና ቅንድቧ ቁርጥ አባቴን! አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴም ገና አልሰማችም።

በአባት የሚገናኙ ሴቶች የአባታቸውን ኤክስ ክሮሞዞም (አባት ለሴት ልጆቹ የሚያስተላልፈውን የዲኤንኤ ክፍል) ሙሉውን እንደሚጋሩ አውቃለሁ፤ የመረመረን ድርጅት ግን ኤክስን ለይቶ አያሳይም። ጥሬ መረጃችንን አውርደን ሌላ ቦታ ብናነጻጽር ይበቃል? ወይስ የአባቴን እህት ለምርመራ ልለምን? አክስቴ ከተመረመረች ወሬው እናቴ ጆሮ መድረሱ አይቀርም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ልጅቷ መልሴን እየጠበቀች ነው፤ ሳላረጋግጥ "እህቴ" ብዬ ልቧን መስበር አልፈልግም። በዚህ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ከየትኛው ልጀምር? ለእናቴስ መቼ ልንገራት?