የጮቄ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ የጋራ ሐሳቡን እናጥራው

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ተጓዦች በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ ገና ረቂቅ ነው። የሩቁ ምኞታችን ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ የጮቄን ተራራ አቋርጦ፣ በድጓ ጽዮንና በሞጣ አድርጎ አባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚደርስ የብዙ ቀን የእግር መንገድ ነው። ለጊዜው ግን አንዷን ክፍል እንያዝ። እኔ ያሰብኩት ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሲናን ወረዳዋ ከተማ ከሮብ ገበያ ተነስተን፣ ጮቄ አናት ወጥተን እንድንመለስ ነው። እስቲ በሉ።

የሲናን ልጅ፦ ሰብሳቢያችን፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ያን ዳገት ደርሶ መልስ የሚችለው የአገሬው ሰው ነው፤ ወንበር ላይ የሚውል ሰው እኩል ቀን ላይ ይቀራል። ይገልበጥ። መኪናው ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የተራራ ተክል፣ ያለበት ድረስ ያውጣን፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር እንውረድ። ላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ ነው፤ ዝቅ ስንል አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ የገብሱና የድንቹ ማሳ፣ ወደ ታች ደግሞ ቀርከሃው። ሽቅብ የሚወጣ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ልጄ እውነቱን ነው። የጮቄ አናት ወደ 4,100 ሜትር ይጠጋል፤ ከደብረ ማርቆስ ከ1,600 ሜትር በላይ ይበልጣል። በየሺው ሜትር ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከተማው ውስጥ በሸሚዝ የወጣ ሰው እዚያ ጋቢ ያምረዋል። ሐሳቡ ላይ አንድ ነገር ይጨመርልኝ፦ ወንዝ ይዘን እንውረድ። ሙጋም፣ ሱሃም፣ ተምጫም ከዚሁ ተራራ ነው የሚነሱት፤ ሁሉም አባይ ይገባሉ። የጨሞጋን ወንዝም የማርቆስ ሰው ሁሉ ከከተማው አጠገብ ያውቀዋል። ከላይ ግን በአንድ እርምጃ የሚዘለል ውኃ ነው። እሱን ያየ ሰው፣ ተራራው ሲራቆት ታች ምን እንደሚደርስ ስብሰባ ሳይጠራ ይገባዋል።

ከባሕር ዳር፦ እኛ ጋ ብዙዎቹ ለምን ሮብ አይሆንም እያሉ ነው። የገበያው ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰውና በድንች ጭነት አህያ ይሞላል። ቅዳሜ ባዶ መንገድ ነው የምናየው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሮብ ለማየት ያምራል፣ አልክድም። ግን ከመካከላችን ግማሹ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ፈቃድ ማን ይሰጠዋል? ደግሞ ሮብ ጾም ነው፣ ስንቁ ይከብዳል። የኅዳሩ ቅዳሜ ግን የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው፤ ጾሙ ኅዳር 15 ነው የሚጀምረው።

የሲናን ልጅ፦ ቅዳሜ ባዶ አይደለም፣ ወንድሜ። ቀዳሚት ሰንበት ስለሆነች አጨዳ የለም፤ ሰው ቤቱ ነው። ሮብ ዕለት መንገድ ላይ ያገኘኸው ሰው ቸኩሎ ያልፍሃል፤ ቅዳሜ ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ «ግቡ» ይልሃል። ይልቅ ጫማ ላይ እንነጋገር። ኅዳር ላይ ጓሳው ላይ ሌሊት አመዳይ ይተኛል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ይቀልጥና ሱሪን እስከ ጉልበት ያረጥባል። ሸራ ጫማ አድርጎ የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ እግሩ እንደቀዘቀዘ ይውላል።

ነርሷ፦ ቁልቁል መሆኑ ለትንፋሽ ደግ ነው፣ ለጉልበት ግን አይደለም። ምርኩዝ ይያዝ፤ የቀርከሃ ዱላ ይበቃል። ሌላው፣ መኪና በአንዴ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲያወጣን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። የከፋው ሰው «ይለቀኛል» እያለ አይጠብቅ፣ በዚያው መኪና ይውረድ። ስለዚህ መኪናው እኛን አውርዶ ወዲያው እንዳይመለስ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቅ። የምንጩ ውኃም ያላፈሉት አይጠጣ፣ ከላዩ ከብት ይሰማራበታል።

ከባሕር ዳር፦ ለብርዱ ትንሽ አረቄ ብንይዝስ?

ነርሷ፦ አረቄ ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ነው የሚያስወጣው። ሮብ ገበያ ስንደርስ እኔም አልቃወምም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እስካሁን የተስማማንበትን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ ቅር ያላችሁን አርሙ።

«ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በኮስተር እንነሳለን፤ የባሕር ዳሮቹ ዓርብ ማታ ገብተው ያድራሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ከጅብራው አካባቢ በእግር ተነስተን፣ ውኃውን እየተከተልን በአስታው፣ በማሳውና በቀርከሃው በኩል እንወርዳለን፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሮብ ገበያ እንገባለን። ስንቅ፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች። መንገድ መሪዎች ከአካባቢው ይሆናሉ፤ ክፍያቸው አስቀድሞ ተነጋግሮ ይቆረጣል። ጉዞው የሚጸናው የአካባቢው ሽማግሌዎችና ቀበሌው መንገዱ ሰላም ነው ሲሉን ብቻ ነው፤ ካልሆነ መዋጮው ይመለሳል።»

የጂኦግራፊ መምህር፦ ጅብራው ይግባበት። ረጅም ዓመት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ለፎቶ ብሎ የሚደገፍበትና ቅጠሉን የሚሸመጥጥ አይጠፋም። እሳት የሚባል ነገርም አይኑር። አስታው ለማገዶና ለከሰል እያለቀ ነው፣ እኛ ደግሞ ሻይ ለማፍላት እንጨት እየሰበርን ልንጨምርበት አይገባም። ሻዩ በፔርሙዝ ይምጣ።

ጸሐፊ፦ እሺ ጋሼ፣ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የሄደ ይዞት ይመለሳል የሚልም ጨምሬበታለሁ።

የሲናን ልጅ፦ ውሻም አለ። የእረኞቹ ውሾች ከሩቅ ነው የሚመጡት። ማንም እንዳይሮጥ፣ ድንጋይም እንዳይወረውር፤ እረኛውን መጥራት ነው። መሪዎቹን እኔ አነጋግሬ እስከ ማክሰኞ እነግራችኋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የኮስተሩን ዋጋ ሳላውቅ መዋጮ አልቆርጥም። ባለመኪናው ቁልቁል ባዶውን የሚወርድበትንና የሚጠብቅበትን ሰዓት ያስከፍላል፣ እሱን ተነጋግሬ እመለሳለሁ። የባሕር ዳር ሰዎች ስንት እንደሆናችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ፤ ከኮስተሩ ከተረፋችሁ አባዱላ መጨመር አለበት።