ጫካ ያየሁት እንሶስላና ሱቅ የሚሸጠው አንድ ነው እንዴ?

ጫካ ወዳዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ደን ሄደን ነበር። ወንዝ ዳር፣ ጥላ ውስጥ፣ ቁመቱ እኔን የሚያክል ተክል አየሁ። አበባው ነጭ ሆኖ መሀሉ ወይን ጠጅ ፈሶበታል፣ ከኋላው ደግሞ ቀጭን ጭራ የመሰለ ነገር አለው። ግንዱ ውሃ ያዘለ ይመስላል። አብሮን የነበረው የሰፈሩ ልጅ «እንሶስላ ነው» አለን። እኔ የማውቀው እንሶስላ ግን በፓኬት የሚሸጠው አረንጓዴ ዱቄት ነው! የቱ ነው ትክክሉ? ቤተሰቡስ ምንድን ነው?

የጎጃሟ፦
ልጁ ልክ ነው እህቴ። እኛ ጋ እማዬ ሥሩን ቆፍራ ታመጣለች፣ ድንች ነው የሚመስለው፣ ትልጠውና ትወቅጠዋለች። ከዛ መዳፋችንና እግራችን ላይ አድርጋ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ ታስረናለች፣ እንደታሰርን እናድራለን፣ አፍንጫሽን ቢበላሽ አለቀልሽ 😂 እንሶስላ መሞቅ ማለት ይሄ ነው። የፓኬቱ ሂና ነው፣ ከተሜው ነው ስሙን የሰጠው።

ቅጠል በጣሽ፦
ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። የጫካው ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። አሺል ሪሻር የሚባል ፈረንሳዊ ነው በ1847 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣለት። ቲንክቶሪያ ማቅለሚያ ለማለት ነው፣ ኢምፔሸንስ ደግሞ ትዕግሥት የለሽ፣ ምክንያቱም የበሰለውን ፍሬ ነካ ካደረግሽው ፈንድቶ ዘሩን ይረጨዋል።

ቤተሰቡ ባልሳሚናሴ ነው። በጣም የሚገርም ቤተሰብ ነው፣ ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው፤ ኢምፔሸንስ ከ1000 በላይ ዝርያ ሲኖረው ሌላኛው፣ ሃይድሮሴራ፣ አንድ ብቻ። ድሮ ከጄራኒየም ጋር ይመደብ ነበር። የዘረመል ጥናት ሲመጣ ኤሪካሌስ የሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ገባ፣ ስለዚህ ከደጋው አስታና ከሻይ ቅጠል ጋር ይዛመዳል ማለት ነው። ሂና ግን ላውሶኒያ ኢነርሚስ ነው፣ የሮማን ዘመድ። የሚያቀልመውም ቅጠሉ እንጂ ሥሩ አይደለም።

ጫካ ወዳዷ፦
ዋው። እዛው አካባቢ ቀይ አበባ ያለውም ነበር፣ ቅርጹ ተመሳሳይ ነው፣ እሱስ?

ቅጠል በጣሽ፦
ፎቶ ብትለጥፊ ይሻላል። ኢምፔሸንስ ሮቲ ሳይሆን አይቀርም፣ ያኛው ከኢትዮጵያ ውጪ አይበቅልም።

የጎጃሟ፦
ሥሩን ግን ከደን እንዳትነቅዪ፣ ካወጣሽው ተክሉ አበቃለት። እማዬ ጓሮ የተከለችው አላት፣ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር አናግሪኝ።