ፍተሻው በእኔ ኮምፒውተር ያልፋል፣ በባልደረባዬ ግን ይወድቃል፤ ኮሚቱ ምን ጎደለው?

ባሕረሐሳብ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔና አንድ ባልደረባዬ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን እየጻፍን ሲሆን፣ በኮዱ ላይ የምናደርጋቸውን ለውጦች የምንከታተለው በጊት ነው። ባለፈው ሳምንት የጳጉሜን ስሌት አስተካከልሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን፣ ለምሳሌም ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር እንደሚገጥም የሚያረጋግጡ ፍተሻዎችን ጨመርሁ። ሁሉም በኮምፒውተሬ ላይ ስላለፉ ኮሚት አድርጌ፣ ማለትም ለውጡን በጊት አስመዝግቤ፣ ፑሽ አደረግሁ፤ ወደ ጋራ ማከማቻችን ላክሁት ማለት ነው። ባልደረባዬ አውርዶ ሲያስኬደው ግን ሁለቱ ወደቁበት፤ አንደኛው ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን የለም ይላል፣ ሌላኛው ደግሞ የቀኖቹን ሠንጠረዥ የያዘውን የሲኤስቪ ፋይል አላገኘሁም ይላል። ከኮሚቱ በፊት ጊት ስታተስን ስመለከት አንዱ ፋይል ለኮሚት በተዘጋጁትም ባልተዘጋጁትም ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ አይቼ ነበር፤ ትርጉሙ ስላልገባኝ አለፍሁት። ኮሚት የማደርገውን ነገር ብቻ ለይቼ መፈተሽ የምችለው እንዴት ነው?

ወለላ፦

የመጀመሪያውን ውድቀት ያመጣው ያ ሁለት ቦታ ተጽፎ ያዩት ፋይል ነው። ጊት አድ ሲሉ ፋይሉ በዚያች ቅጽበት የነበረው ይዘት ተቀድቶ ኢንዴክስ ወደሚባለው ቦታ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ፋይል ከፍተው ቢያርሙት እርማቱ በፎልደርዎ ውስጥ ይቀራል እንጂ ኢንዴክሱን አይነካውም፤ ኮሚት የሚሠራው ደግሞ ከኢንዴክሱ ነው። ፓይተን በበኩሉ የሚያነበው ፎልደሩን ስለሆነ፣ የፈተሹት አንዱን፣ ያስመዘገቡት ሌላውን ሆነ። ጊት ዲፍ ብቻውን ሲጻፍ ፎልደሩን ከኢንዴክሱ ጋር ያነጻጽራል፤ --ስቴጅድ ሲጨመርበት ግን ኢንዴክሱን ካለፈው ኮሚት ጋር ነው የሚያነጻጽረው። እኔ ይህን ሁለተኛውን መስመር በመስመር ሳላነብ ኮሚት አላደርግም።

ሠንጠረዡን በተመለከተ የምጠረጥረው፣ ጊት እንዲተዋቸው የምንፈልጋቸው ፋይሎች የሚጻፉበትን የጊትኢግኖርን ፋይል ነው። ጊት ቼክ-ኢግኖር -ቪ ብለው የሲኤስቪውን ስም ቢያስከትሉ፣ ፋይሉን የከለከለው ደንብ በስንተኛው መስመር ላይ እንደተጻፈ ይነግርዎታል።

የማታ ኮድ፦

ወለላ ምክንያቱን በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ አፈታተሹ ልናገር። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ጊት ስታሽ --ኪፕ-ኢንዴክስ ነው፤ ወደ ኢንዴክስ ያልገባውን እርማት ለጊዜው ከፎልደሩ አንሥቶ ያስቀምጠዋል፣ ፈትሸው ሲጨርሱም በስታሽ ፖፕ ይመልሱታል። ይሁንና የተነሣውና የቀረው እርማት በተቀራረቡ መስመሮች ላይ ሲሆን ሲመለስ ሊጋጭ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ጊት የማይከታተላቸው ፋይሎች በዚህ ትእዛዝ ከቦታቸው አይነሡም፤ ስለዚህ የጳጉሜን ስሕተት ይይዝልዎት ነበር፣ የጠፋውን ሠንጠረዥ ግን በፍጹም አይይዘውም፤ ፋይሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ፍተሻውን ያሳልፈዋልና።

እኔ የምመርጠው ጊት ዎርክትሪን ነው። ከ2015 ጀምሮ፣ ከሥሪት 2.5 ወዲህ ያለ ትእዛዝ ነው። ኮሚት ያድርጉ፣ ነገር ግን ፑሽ አያድርጉ፤ ከዚያም ጊት ዎርክትሪ አድ --ዲታች ብለው አዲስ የፎልደር ስም ይስጡት። በኮሚቱ ውስጥ ያለው ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት፣ በዚያ ፎልደር ይዘረጋል፤ ባልደረባዎ የሚያየውን ያያሉ ማለት ነው። የጎደለ ነገር ካለ የመጨረሻውን ኮሚት በሚያርመው በኮሚት --አሜንድ ያስተካክሉታል፣ እስከዚያ ማንም ስላላወረደው የሚጎዳ የለም። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ፕሮግራሙን በፒፕ -ኢ፣ ማለትም ኮዱ ካለበት ፎልደር ጋር በቀጥታ በሚያያይዘው መንገድ፣ ጭነውት ከሆነ ፓይተን ኮዱን ከድሮው ፎልደር ሊወስድ ስለሚችል፣ ለአዲሱ ፎልደር የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሌላው የተለየ የፓይተን መሥሪያ ቦታ) ይፍጠሩለት።

ባሕረሐሳብ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቼክ-ኢግኖር መስመሩን አሳየኝ፤ የፕሮግራሙ ውጤት እንዳይመዘገብ ብዬ ከወራት በፊት የሲኤስቪ ፋይሎችን በሙሉ ከልክዬ ኖሯል። ለሠንጠረዡ ብቻ በቃለ አጋኖ የሚጀምር መስመር ጨምሬ ፈቀድሁለትና በዎርክትሪ ፈተሽሁት፤ ሁለቱም አለፉ። ባልደረባዬንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ችግሩን በራሱ ኮምፒውተር ሲፈልግ ነበር። አሁን የቀረኝ ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንድ ቀኖች ከ1900 በፊት ሲሆኑ በአንድ ቀን ይዛነፋሉ፣ ከ200 ኮሚት በፊት ግን ትክክል ነበሩ። እያንዳንዱን ኮሚት መክፈት ይኖርብኝ ይሆን?

ወለላ፦

አይኖርብዎትም፤ ጊት ባይሴክት የተሠራው ለዚሁ ነው። ትክክል የነበረውንና የተበላሸውን ኮሚት ሲነግሩት መካከለኛውን ያወጣልዎታል፣ በመልስዎም መሠረት ግማሹን እየጣለ ይቀጥላል፤ 200 ኮሚት በ8 ዙር ገደማ ያልቃል። ባይሴክት ረን ሲሉት ፍተሻውን ራሱ ያስኬዳል፤ ነገር ግን የፓይተን ፍተሻዎችን የሚያስኬደውን ፓይቴስትን በቀጥታ አይስጡት። አንድ ትእዛዝ ሲያበቃ ከሚመልሰው ቁጥር ባይሴክት ረን 0ን ደኅና፣ ከ1 እስከ 127 ያለውን ከ125 በስተቀር ብልሹ ብሎ ይወስዳል፤ ፓይቴስት ደግሞ ፍተሻ ሲወድቅ 1፣ ኮዱን ጨርሶ ማንበብ ሲያቅተው 2 ይመልሳል። በዚህ ምክንያት በሌላ ስሕተት መነሣት ያልቻለ አሮጌ ኮሚት ቀኑን ያዛነፈው እሱ ይመስል ይወቀሳል። አጭር ስክሪፕት ጽፈው 2ን ወደ 125 ይቀይሩ፤ 125 ይህን ዝለለው ማለት ነው። የአሮጌ ቀኖቹ ፍተሻ በቀደሙት ኮሚቶች ውስጥ ስለማይገኝ፣ ፋይሉንም ስክሪፕቱንም ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጭ ያስቀምጡ። ሲጨርሱ ባይሴክት ሪሴት ብለው ወደ ብራንችዎ ይመለሱ፤ የተገኘውን ኮሚት እዚህ ቢለጥፉልን ስሌቱን አብረን እናየዋለን።