የቤተ መቅደስ ስለት የሆነ ዶቃ የተሰፋበት ልብስ፦ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ (ባለ ክር)፦
በጥንታዊው ዓለም ሰዎች ለአማልክት ቤተ መቅደስ ዶቃ የተሰፋበትን ልብስ በስለት ይሰጡ እንደነበር ይነገራል። ጨርቅ ግን ይበሰብሳል፤ ክሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አፈር ውስጥ የተበተነ ዶቃ ነው። ታዲያ ያ ዶቃ የአንገት ሳይሆን የልብስ ጌጥ እንደነበር በምን ይለያል? ልብሱ ሲያረጅስ ጌጡ ምን ይደረግ ነበር?

መልስ (የጊዛ መንገደኛ)፦
ዋናው ማስረጃ ዶቃው የወደቀበት አሰላለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በግብፅ ጊዛ ውስጥ በተቆፈረ፣ በጥንታዊው የግብፅ ንጉሥ ኩፉ ዘመን በኖረች ሴት መቃብር፣ ክሩ ፈጽሞ ጠፍቶ ሳለ ጥቂት ዶቃዎች በአስከሬኑ ላይና ዙሪያ እንደ ቀድሞው ተደርድረው ስለቆዩ፣ 7,000 ያህል ዶቃ ያለውን የመረብ ቀሚስ መልሶ ማቀናጀት ተችሏል፤ ቀሚሱ ዛሬ በቦስተን ሙዚየም ይገኛል። ይህ ግን ማንም ያልነካው መቃብር ነው። በቤተ መቅደስ አሮጌ ስለት ተጠርጎ ስለሚወጣ አሰላለፉ አብሮ ይጠፋል። የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪዎቹ ናቪልና ሆል እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1907 በቆፈሩበት፣ በግብፅ በሚገኘው የደይር ኤል ባሕሪ የቤተ መቅደስ ስፍራ፣ የሐቶር (በላም የምትመሰል የግብፅ አምላክ) ላም የተሣለችባቸው የተልባ እግር ጨርቆችና እጅግ ብዙ ሰማያዊ የፋያንስ (በመስታወት መሰል ልባጥ የተሸፈነ የሴራሚክ ዓይነት) ዶቃዎች ተገኝተዋል። በጨርቆቹ ላይ ያለው ምስል ግን በቀለም የተሣለ እንጂ በዶቃ የተሠራ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ስለተገኙ ብቻ «ዶቃው ከጨርቁ የረገፈ ነው» ማለት ለእኔ ችኮላ ነው።

መልስ (የሸክላ ጽላት አንባቢ)፦
ልብሱ ሲያረጅ ጌጡ ምን ይደረግ ነበር ለሚለው ሁለተኛው ጥያቄዎ ፍንጭ የሚሰጡት የኡሩክ (በዛሬዋ ኢራቅ የነበረች ጥንታዊ ከተማ) ጽሑፎች ናቸው። በ6ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በከተማዋ ኤአና በተባለው ቤተ መቅደስ የተጻፉ የሸክላ ጽላቶች፣ በአማልክቱ ልብስ ላይ የአበባና የአራት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ የወርቅ ጌጦች ይሰፉ እንደነበርና ጌጦቹም ተቆጥረው ለጥገና ለወርቅ አንጥረኛ ይሰጡ እንደነበር መዝግበዋል። እርግጥ ይህ ዶቃ ሳይሆን ወርቅ ነው፤ ልብሱም የምእመን ስለት ሳይሆን የጣዖቱ ምስል የሚለብሰው ነው።

መልስ (የኤጌ ማዶ)፦
በግሪክ ምድር ደግሞ ማስረጃው ድንጋይ ላይ ነው። በአቴንስ አቅራቢያ በብራውሮን ሴቶች ለአርጤምስ አምላክ የሰጡት ልብስ በ4ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሰጪዋ ስም ጋር ሲመዘገብ፣ ያለቀው ልብስ እንኳ «ያረጀ» ተብሎ ከዝርዝሩ አልወጣም። ዶቃ ባይኖረውም፣ የግብፁ ንጉሥ አማሲስ በሮድስ ደሴት በሊንዶስ ከተማ ለምትመለከው ለአቴና አምላክ የሰጠው የተልባ እግር ጥሩር እዚህ ሊነሣ ይገባዋል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚለው እያንዳንዱ ክር ከ360 ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነበር፤ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ የሮማዊውን ባለሥልጣን የሙኪያኑስን ቃል ጠቅሶ፣ የክሩን ብዛት ለማረጋገጥ የመጣ ሁሉ እየዳሰሰው በሙኪያኑስ ዘመን ከጥሩሩ የተረፈው ጥቂት ቁራጭ ብቻ እንደነበር ጽፏል።