ዕቃ ተሸክሞ መሄድ ወይስ መኪና አጠገብ ማደር?

ጥያቄ (ጀማሪው)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከ6 ዓመት ልጃችን ጋር ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ለማደር አስበናል። ባለቤቴ ዕቃችንን በጀርባ ተሸክመን፣ ሰው ከሌለበት እንግባ ትላለች። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ ከመኪናው ባልርቅ እመርጣለሁ። መኪና ጣሪያ ላይ የሚገጠም ድንኳንና ሁለት ዛፍ መሐል የሚታሰር የጨርቅ አልጋ፣ ሃሞክ የሚሉትንም አይቻለሁ። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምከሩን።

መልስ (ብዙ ያደረው)፦ ወንድሜ፣ የ6 ዓመት ልጅ ካለ ክርክሩ አልቋል። የእሱ መኝታ፣ ልብስና ውሃ የሚያርፈው እናንተ ትከሻ ላይ ነው። ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛውን ባያልፍ ይመከራል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ኪሎ መሆኑ ነው። ለሦስታችሁ 6 ሊትር ውሃ ስትይዙ 6 ኪሎው ሄደ። ድንኳኑ፣ ምግቡ፣ ምድጃው ገና አልተነኩም። ደግሞም ልጁ መሐል መንገድ ላይ «እዘሉኝ» ይላል።

መልስ (የእግር መንገደኛዋ)፦ አላለቀም! የመጀመሪያውን ሌሊት መኪናው አጠገብ እደሩ፤ በማግስቱ ምሳ ብቻ ይዛችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ተጓዙ። ለባለቤትህም ይበቃታል። ድንኳን ስትገዙ «ለ3 ሰው» የሚለውን አትመኑ፤ ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይተኛል፣ ለቦርሳ ግን ቦታ የለም። ባለ 4 ሰው ውሰዱ።

መልስ (ዝናብ የመታው)፦ ስለ ሃሞክ ልናገር። ቀጥ ብለህ ከተኛህበት ወገብህ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ አግድም ገደድ ብለህ ስትተኛ ነው ጀርባህ የሚቃናው። ችግሩ ብርድ ነው። የመኝታ ከረጢቱ ሙሌት በሰውነትህ ክብደት ሲጨፈለቅ ሙቀት አይዝም፣ ነፋሱም ከሥር ያገኝሃል። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደረቴ ሞቆ ጀርባዬ ደንዝዞ ነቅቻለሁ። ከሥር መከላከያ ካላነጠፍህ አትሞክረው። የጣሪያው ድንኳን ደግሞ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ጣሪያው መኪናው እየሄደ ስንት ኪሎ እንደሚችል መመሪያው ላይ እይ። መኪናውን ለማንቀሳቀስ በፈለግህ ቁጥር ታጥፈዋለህ፤ ልጁም ሽንቱ ሲመጣ በጨለማ መሰላል ይወርዳል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፣ ወደ መኪናው አጋድያለሁ። መሬት ላይ ስንተኛስ ወገቤ?

መልስ (ብዙ ያደረው)፦ ሸክም ስለሌለብህ ወፍራም ስፖንጅ ጫን፤ የመሬቱንም ቅዝቃዜ ያግዳል። ቢበርዳችሁ እንኳ ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላችኋል። ሸለቆ ሥር አትትከሉ፣ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ታች ይወርዳል።

መልስ (የእግር መንገደኛዋ)፦ የካስማ መዶሻም ያዙ። እኔ በምሽት በድንጋይ ስመታ የቀጠቀጥኩት ካስማውን ሳይሆን አውራ ጣቴን ነው።