ጫት ቢታገድ ጤናችን ይሻሻላል? የእንግሊዝን ልምድ የምታውቁ ጻፉልኝ

ሄኖክ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ክፍላችን ውስጥ ክርክር አለን፤ «ጫት በአዋጅ ይታገድ» የሚለው ወገን ለእኔ ደርሷል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከክርክርም በላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቃሚ ነው። ምሳ ሳይበላ ሐራራው ይነሳበታል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል፤ ጠዋት ለሥራ አይነሳም። እንግሊዝ ጫትን እንዳገደች ሰምቻለሁ። ታዲያ ለሰው ጤና ምን ፈየደ?

ኪያ (ድሬዳዋ)
ሄኖክ፣ ስለ እገዳ ስታወራ ገበሬውን እንዳትረሳ። በእኛ በኩል የልጅ ደብተርም የቤት ቆርቆሮም የሚገዛው ከጫት ነው። ጤና ካልክ መጀመሪያ ማሳው ላይ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ጠይቅ። ቅጠሉን ሳያጥብ የሚቅመው ሰው ብዙ ነው።

ሰናይት (ለንደን)
ሄኖክ ወንድሜ፣ እዚህ ክሊኒክ ለሚመጡ ወገኖቻችን አስተርጓሚ ነኝ። እገዳው ሲመጣም በዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ።

መንግሥትን በዕፅ ጉዳይ የሚያማክረው የባለሙያዎች ምክር ቤት ጫትን መርምሮ በጃንዋሪ 2013 ሪፖርት አወጣ። የጉበት ጉዳት ሊኖር እንደሚችል ጠቅሶ፣ ያለው ማስረጃ ግን ለእገዳ አይበቃም አለ። ቴሬዛ ሜይ ያኔ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበሩ፤ ምክሩን አልተቀበሉም። ሆላንድ ቀድማ ስላገደች፣ እንግሊዝ የጫት መሸጋገሪያ ትሆናለች የሚል ስጋት ነበራቸው። የፓርላማው ኮሚቴም አይታገድ ብሎ ነበር፤ አልተሰማም። ጁን 24 ቀን 2014 ታገደ። ይዞ የተገኘ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ 60 ፓውንድ ቅጣት፣ ሦስተኛ በፖሊስ መያዝ።

አሁን እኔ ያየሁትን ልንገርህ። ከእገዳው በፊት ሐኪሙ ሲጠይቅ፣ ሰዉ በቀን ስንት ዙርባ እንደሚቅም፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ በግልጽ ይናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «እህቴ፣ ይሄን እንዳትነግሪው» ማለት ጀመሩ። እኔ ደግሞ የተባለውን ሁሉ የማስተርጎም ግዴታ አለብኝ። ስለዚህ ዝም ይላሉ። አንድ አባት ደም ግፊታቸው አልወርድ ብሎ መድኃኒት ሦስቴ ተቀየረላቸው። ጫት እንደሚቅሙ ሐኪሙ አያውቅም። ለጋው ቅጠል በሁለት ቀን ኃይሉን ስለሚያጣ ድሮ በአውሮፕላን ነበር የሚገባው። ዛሬ ደርቆ በፖስታ ይመጣል፤ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ያው ቃሚ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ይከፍላል።

ክርክርህ ላይ ይሄን አጥብቀህ ያዝ፦ አብዛኞቹ ጥናቶች የሚሉት ቃሚዎች ላይ የጤናና የኑሮ ችግር በብዛት ይታያል ነው። ጫቱ ነው ያመጣው? ወይስ ሥራ ያጣ፣ እንቅልፍ የነሳው፣ በስደት ብቻውን የቀረ ሰው ነው ወደ ጫት የሄደው? ይህ ሳይለይ ታገደ። የሚጎዳ ነገር አይደለም አላልኩም፤ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ። ግን ሰዉ ከተደበቀ በኋላ ጉዳቱን በምን ትለካዋለህ?

ሲስተር መ. (ጅማ)
የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሰናይት ያለችው ላይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የቡታጅራ ጥናት አለ፤ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው ግማሽ ያህሉ ቃሚ ነበሩ። ግማሹን ሕዝብ ወንጀለኛ አድርገህ ጤና ጣቢያ ና ልትለው አትችልም።

ስለ ወንድምህ፦ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጨብሲውን ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ስካሩ ቶሎ አይታወቀውም፤ ስለዚህ ብዙ ይጠጣል። ጫቱን ከማቆሙ በፊት መጠጡን ይቀንስ፣ ምሳውን በልቶ ይቃም፣ ሰዓቱን ያሳጥር። ሲተው ለጥቂት ቀናት ድብርትና ዱካክ (የሚያስፈራ ቅዠት) ይመጣበታል፤ ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። የሌለ ነገር መስማት ወይም ሰውን ሁሉ መጠራጠር ከጀመረ ግን ቀን ሳትቆጥር ሐኪም ጋ ውሰደው።

ሄኖክ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ መጠራጠሩን ካነሳሽ አይቀር፦ ሰሞኑን ስልኬ ተጠልፏል እያለ ሲም ካርድ ይቀያይራል። ይሄም ይቆጠራል?

ሲስተር መ.
ይቆጠራል። ነገውኑ ይዘኸው ሂድ። ጫት እንደሚቅምም ለሐኪሙ እዚያው ፊቱ ንገር።